እኔ ጋ ያልፋል

ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሬ ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆነ። ኮድ ስጽፍ አንድ ሁለት መስመር ቢቀላ የለመድኩት ነው፤ ሻዬን እስክጨርስ አስተካክለዋለሁ። ያን ቀን ግን ወደ ታች ባወርድ ባወርድ ቀዩ አላልቅ አለ። ሰኞ ዕለት ደግሞ አለቃችን ቢሮው ጠርቶኝ፣ ዓርብ ሥራውን ለደንበኛው ስናስረክብ ቴስቶቹ በሙሉ አረንጓዴ ከሆኑ የቅጥር ደብዳቤዬን እንደሚፈርም፣ ካልሆኑ ግን "እንደምንነጋገር" ነግሮኛል። የሙከራ ጊዜዬ የሚያበቃውም ያው ዓርብ ነው። በእኛ ቢሮ "እንነጋገራለን" የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ ብዙም ሲነጋገር አላየሁም።

ደብዳቤው ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀኝ ልናገር። እዚህ ከመምጣቴ በፊት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቋሚ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራው አሰልቺ፣ ወንበሩ ሰባራ፣ ግን ቋሚ። ጥዬው ስወጣ እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን "ቋሚ ሥራ ጥሎ ለሙከራ የሚሄድ ሰው አንቺን አየሁ" አለችና ምሳዬን ቋጠረችልኝ። ከዚያ ወዲህ ማምሻውን የካ አባዶ ደርሼ፣ አራት ፎቅ በእግሬ ወጥቼ በሩን ስከፍት፣ ሰላምታ አስቀድማ አታውቅም። "ፈረመልሽ?" ነው የምትለኝ። አልፈረመም ስላት "ይሁና" ትልና ወደ ጓዳ ትገባለች። ያቺን "ይሁና" ከመስማት ብትቆጣኝ እመርጥ ነበር።

ቢሮአችን ወሎ ሰፈር፣ ጋራዥ በበዛበት በኩል ነው። ከታች ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፣ እኛ ከላይ ኮድ እንጽፋለን። የምንሠራው ለክሊኒኮች የሚሆን የቀጠሮ ማስያዣ ነው፤ ሰው በስልኩ ገብቶ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በእንግሊዝኛ ቀጠሮ ይይዛል፣ ክሊኒኩ ያለችው እንግዳ ተቀባይ ታየዋለች፣ ሐኪሙም ያየዋል። ቴስት የምንላቸው ደግሞ ሰው መስለው እያንዳንዱን ገጽ የሚያንኳኩ፣ በትክክል ከተከፈተላቸው አረንጓዴ፣ ካልተከፈተላቸው ቀይ የሚያበሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። በደንቡ በየቀኑ መሮጥ ነበረባቸው። እኛ ግን ፈተና ሲደርስ ብቻ ደብተር እንደሚከፍት ተማሪ፣ ርክክብ ሲደርስ ነው የምናስነሣቸው። ከመጨረሻው ርክክብ ወዲህ ሁለት ወር አልፎ ነበር።

አሁን ያናደደኝን ነገር ላስረዳ። እያንዳንዱ ገጽ አድራሻ አለው። አድራሻውን በእጅ መጻፍ ይቻላል፤ ግን አንድ ቀን ሲቀየር በየፋይሉ እየዞሩ ማረም ነው። ስለዚህ ራውት ሄልፐር የሚባል ነገር አለ። እናንተ የገጹን ስም ትጠሩለታላችሁ፣ እሱ ሙሉ አድራሻውን ይሰጣችኋል። ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ "ኢምፔሪያል" ብላችሁ ስትቀመጡ የትኛውን መንገድ ይዞ እንደሚሄድ የሾፌሩ ጉዳይ እንደሆነው ሁሉ ማለት ነው። "የቀጠሮ ገጽ፣ ቁጥር ሰባት" ትሉታላችሁ፤ አድራሻውን አሰናድቶ ያቀብላችኋል። ሥራው ይኸው ነው፣ ሌላ ሥራ የለበትም።

የእኔው ግን ምን ይለኛል? ቁጥሩ ጎድሏል ይለኛል። ቁጥሩን ሰጥቼዋለሁ። ራሱ በላከልኝ የስህተት መልእክት ውስጥ ሰባት ቁጥርን ጽፎታል! በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰባትን ጠቅሶ፣ እዚያው ላይ ቁጥር የለም ይላል። ፋይሉን ከፈትኩ፣ ቁጥሩ አለ። ደግሜ አስነሣሁት፣ ቁጥሩ የለም። መታወቂያዬን እጁ ላይ ይዞ "መታወቂያ አምጪ" የሚል ሰው መስኮት ፊት የቆምኩ መሰለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ማሽን አልጨመሩበትም እንጂ። የባሰው ነገር ደግሞ አፕሊኬሽኑን ራሱን ከፍቼ በእጄ ስነካካው ሁሉም ገጽ ይሠራል። ቀጠሮው ይከፈታል፣ ይሰረዛል፣ ይዛወራል። የሚወድቀው ቴስት ውስጥ ብቻ ነው።

እንደ ዘመኑ ሰው ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ጠየቅሁት። በሙሉ ልብ ችግሩ ግልጽ ነው አለኝና አንድ መስመር አስጨመረኝ። ቀዩ ሌላ ዓይነት ቀይ ሆነ። ይህን ስነግረው ይቅርታ ጠይቆ፣ ልክ ነሽ ብሎ፣ ያንን አስጠፍቶ ሌላ አስጨመረኝ። እንደገና ቀይ፣ እንደገና ይቅርታ። እንዲህ ያለ ትሑት ፍጥረት አይቼ አላውቅም፤ ከትሕትናው ግን ጠብ ያለልኝ ነገር የለም። ኢንተርኔት ላይ ፍለጋ ስገባ ደግሞ ከስንት ዓመት በፊት ልክ እንደኔ የተቸገረ ሰው አገኘሁ። ጥያቄው የእኔው ጥያቄ፣ ስህተቱ የእኔው ስህተት። ከሥሩ ራሱ ተመልሶ "አገኘሁት፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ጽፏል። ምን እንዳገኘ አልተናገረም። አልረገምኩትም ብል ውሸት ነው።

ከእኔ ሁለት ጠረጴዛ ወዲያ የሚቀመጡ አንጋፋ ባልደረባ አሉን። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ኮምፒውተር ብርቅ በነበረበት ዘመን የጀመሩ ሰው ናቸው፤ አሁን በየዓመቱ በሚታደስ ኮንትራት ይሠራሉ፣ የዚህን አፕሊኬሽን መሠረት የጣሉትም እሳቸው ናቸው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ለማንም ለይቼ ሳይሆን ለክፍሉ ሁሉ፣ ቴስቶቹ ለሌላ ሰውም ይወድቁ እንደሆን ጮክ ብዬ ጠየቅሁ። ሌሎቹ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ጋሼ ዓይናቸውን ከስክሪናቸው ሳያነሡ "እኔ ጋ ያልፋል" አሉ።

በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ንግግር ያውቀዋል፣ ሁሉም ይጠላዋል። እኔ እዚህ እየነደድኩ በእሳቸው ኮምፒውተር አረንጓዴ መሆኑ ምን ይሠራልኛል? "እሺ ጋሼ" አልኩ በጨዋ ደንብ። ከሰዓት በኋላ ወደ ውኃው ማሽን ሲሄዱ ጀርባዬ ጋ ቆም ብለው ቀዩን አዩትና "የሚገርም ነው፣ እኔ ጋ እኮ ያልፋል" አሉኝ። ጥርሴን ነክሼ ፈገግ አልኩ። የማሳይሽ ነገር አለኝ ቢሉኝ በደስታ እነሣ ነበር፤ እሳቸው ግን ብርጭቆአቸውን ይዘው ሄዱ። በሆዴ እንግዲህ ጎበዙን ኮምፒውተርዎን ይያዙልን አልኩ።

ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከቤት ወጣሁ፤ ቀደም ብዬ ገብቼ ልገላገለው ብዬ። የየካ አባዶ ሰልፍ ግን ማንንም ቀዳሚ አያደርግም። መገናኛ ደርሼ ደግሞ የወሎ ሰፈር ታክሲ የሚጫንበት ቦታ ተዛውሮ ጠበቀኝ። ትናንት የነበረበት ታጥሮ ይቆፈራል። አንዱ ረዳት ወደ ድልድዩ ሥር ላከኝ፣ የድልድዩ ሥር ረዳት ወደ መጣሁበት መለሰኝ። ቢሮ የገባሁት ከሁሉም ሰው በኋላ ነው። ጋሼ ሰላም ካሉኝ በኋላ "እንዴት ሆነልሽ? እኔ ጋ ዛሬም አስነሥቼው ነበር፣ ያልፋል" አሉኝ። ይኼኔ አሽሙር መሰለኝ። ትልቅ ሰው ናቸውና ቦርሳዬን ብቻ ጠረጴዛው ላይ ከሚገባው በላይ ድምፅ አሰምቼ አስቀመጥኩ።

ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ባልደረባዬ አዘነችልኝና ለምን ቴስቶቹን አታጠፊያቸውም አለችኝ። የሌለ ነገር ቀይ አይሆንም የሚል ነው ምክሯ። እውነቴን ነው የምለው፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል አስቤበታለሁ። ግን እኔ ከመቀጠሬ በፊት በነበረው ርክክብ የአንዲት እናት የክትባት ቀጠሮ በሌላ ሰው ስም ሊመዘገብ ሲል የያዘው ከእነዚሁ ቴስቶች አንዱ ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ሄልፐሩን ትቼ አድራሻዎቹን አንድ በአንድ በእጄ እየጻፍኩ ዋልኩ። ያልፉ ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን ቆም ብዬ የቀሩትን ፋይሎች ሳይ፣ እንኳን ለዓርብ ለሚቀጥለው ዓርብም እንደማልጨርሳቸው ገባኝ። መብራትም ሄደ። ያን ዕለት እናቴን "ፈረመልሽ" ሳትለኝ በፊት "አልፈረመም" አልኳትና ገብቼ ተኛሁ።

ሐሙስ ጠዋት ተናድጄ ተናድጄ የደከመኝ ይመስለኛል፤ የስህተቱን መልእክት በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርጋታ አነበብኩት። ሰባት ቁጥር አለ። ግን በየት በኩል ነው ያለው? በእኛ አፕሊኬሽን እያንዳንዱ አድራሻ በቋንቋ ነው የሚጀምረው፤ መጀመሪያ ቋንቋው፣ ቀጥሎ ቀጠሮ የሚለው ቃል፣ መጨረሻ ላይ ቁጥሩ። ሄልፐሩን ስንጠራ ግን አንዳችንም ቋንቋውን ሰጥተነው አናውቅም፤ ይሠራልና ለምን እንደሚሠራ ጠይቀን አናውቅም። ለካ ኮንትሮለር በምንለው፣ ጥያቄዎችን በሚያስተናግደው ክፍል ውስጥ፣ ጋሼ የጻፏት አንዲት መስመር አለች። ማንም ሳያዛት ቋንቋውን ከኋላ ሆና ለሄልፐሩ ሹክ ትለዋለች። ቴስት ውስጥ ኮንትሮለሩ ገና ሥራ አልጀመረም፣ ሹክ የሚል የለም። ስለዚህ ሄልፐሩ ያቀበልኩትን ሰባት ቁጥር ከፊት ባገኘው ባዶ ቦታ፣ በቋንቋው ቦታ፣ ያስቀምጠዋል። ወደ መጨረሻው ሲደርስ እጁ ባዶ ነው። ቁጥሩ ጎድሏል ሲለኝ እውነቱን ነበር። እኔ ሦስት ቀን ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከርሜያለሁ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ታዲያ ከሁለት ወር በፊት እንዴት ያልፉ ነበር? ማን ምን እንደጻፈ፣ ማን ምን እንዳጠፋ በየቀኑ የሚይዝ መዝገብ አለን፤ ሁላችንም ልንከፍተው እንችላለን፣ ማንም አይከፍተውም። ከፈትኩት። በቴስቶቹ ፎልደር ውስጥ ጥቂት መስመር ብቻ ያላት አንዲት ፋይል ነበረች፤ ሥራዋ ቴስት ሲሮጥ ቋንቋውን መሙላት ነው። የጻፏት ጋሼ ናቸው። ከዚያ ጠፍታለች። ያጠፋኋት እኔ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ "የማያስፈልጉ ፋይሎችን ማጽዳት" የሚል ማስታወሻ በገዛ እጄ ጽፌ። ከሥሩ ማጥፋቱን ያጸደቀው ሰው ስም አለ፤ አለቃችን ነው።

ያን ሳምንት ወዲያው አስታወስኩት። በቀጣዩ ሰኞ ስብሰባ ላይ አለቃችን ቁሚ ብሎኝ፣ ለዓመታት የተከማቸውን ቆሻሻ በአንድ ሳምንት ጠረገችው፣ አዲስ ሰው ማለት እንዲህ ነው ብሎ አስጨበጨበልኝ። ማታ ለእናቴ ሳይቀር ነግሬያታለሁ። ጋሼም አጨብጭበው ነበር።

ወንበሬን ጎትቼ አጠገባቸው ሄድኩና ያቺ ፋይል እሳቸው ጋ እንዳለች ጠየቅኋቸው። አለች አሉኝ፤ ስትጠፋ መልሰው በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ብቻ አስቀምጠዋት ኖሯል። ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቅ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ከፍ አለ። አለቃ በሰው ፊት ባመሰገነሽ ማግስት ተነሥቼ የጠረገችው የሚያስፈልገንን ነው ብል፣ ሽማግሌው በልጅቷ ቀና ከመባል ሌላ ምን አተርፋለሁ አሉኝ። እሱስ ይሁን፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ስንገበገብ እያዩኝ ዝም ማለትዎስ አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ዝም መች አልኩ? እኔ ጋ ያልፋል አልኩሽ እኮ፣ በየቀኑ። እስቲ ያሳዩኝ ትለኛለች ብዬ ነው የጠበቅሁሽ።"

አንጀቴ አረረ። በእሳቸውም፣ በራሴም። እሳቸው ሳይጠየቁ ጣልቃ መግባት ነውር ነው ብለው፣ እኔ ትልቅ ሰው ማስቸገር ነውር ነው ብዬ፣ ሁለታችንም በይሉኝታ ታንቀን ልንሞት ነበር። ፋይሏን ከኮምፒውተራቸው ላኩልኝ፤ ቦታዋ መለስኳት፤ ረቡዕ በእጄ የጻፍኳቸውን አድራሻዎች አስወገድኩና ቴስቶቹን አስነሣሁ። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ። መመለሱ ሻይ ለማማሰል የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልወሰደም።

ዓርብ ጠዋት አለቃችን እኔንና ጋሼን አንድ ላይ ጠራን። አረንጓዴውን አይቶታል፣ ደስ ብሎታል። ደብዳቤዬ ጠረጴዛው ላይ፣ እስክሪብቶው ደብዳቤው ላይ ነበር። እስክሪብቶውን አነሣና እንደ ቀላል ነገር፣ ለመሆኑ ሳምንቱን ሙሉ ያመሰን ምን ነበር አለኝ። አንዲት ፋይል ጠፍታ ነው አልኩት። ማን አጠፋት አለ።

አፌን ከፍቼ ነበር። ማንም አያምነኝም እንጂ ከፍቼ ነበር። ዓይኔ ግን እስክሪብቶው ጫፍ ላይ ነበር፣ ጫፉ ደግሞ ከወረቀቱ በላይ አየር ላይ ቆሟል። ማታ ደርሼ ለእናቴ የምነግራትን አሰብኩ። በዚያች ትንፋሽ ጋሼ ቀደሙኝ።

"ከእኔ ነው" አሉ። "ሳስተካክል ሳላስተውል ጥዬያት ይሆናል።"

አለቃችን በረጅሙ ተነፈሰ። "ጋሼ፣ እርስዎም" አለና አልጨረሰውም። ከዚያ ፈረመ። እኔ ደብዳቤውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩ፣ ወጣሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል የምስቅ ሰው ነበርኩ። ደረጃው ላይ ደርሼባቸው ለምን እንዲህ አደረጉ አልኳቸው። ደብዳቤ የምትፈልጊው አንቺ ነሽ፣ እኔን በዚህ ዕድሜዬ ማን ምን ይለኛል ብለው የጾም ምሳ ፍለጋ ወረዱ። እናቴ በስልክ እልል አለች። እልልታዋን ሰምታ የመጣች ጎረቤት ስልኩን ተቀብላ መረቀችኝ። እኔም አሜን አልኩ፣ ምን ልበል።

ሰኞ ጠዋት በቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የአለቃችን መልእክት መጣ። ባለፈው ሳምንት የተፈጠረው እንዳይደገም፣ ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ የሚጽፉት ማንኛውም ሥራ ከመግባቱ በፊት እየተመረመረ እንዲጸድቅ ይላል። መርማሪዋ እኔ። ጋሼ ከሥሩ "እሺ" ብለው ጽፈዋል።

ደሜ ፈላ። አለቃችን ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁና ፋይሏን ያጠፋኋት እኔ ነኝ፣ ጋሼ እኔን ለማዳን ነው የዋሹት፣ መዝገቡን ክፈተውና እይ አልኩት። ከፈተው። ስሜን አነበበ። ከስሜ በታች የራሱን ስም አነበበ። ላፕቶፑን ከደነው።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለኝ። "ደብዳቤሽ ተፈርሟል፣ ደንበኛው ተረክቧል፣ ጋሼም በራሳቸው አንደበት አምነዋል። ይኼ ነገር እዚህ ይቁም።"

ታዲያ ትእዛዙን አንሣው አልኩት። ሰው ሁሉ ያየውን ነገር ባነሣው ለምን አነሣህ እባላለሁ አለኝ። ማን ነው የሚልህ አልኩት። ስልኩን አነሣና የሚደውልለት ሰው ያለ ይመስል ቁጥር መነካካት ጀመረ። ተከራከርኩ፣ ተቆጣሁ፣ በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ፤ ትእዛዙ ግን እዚያው ግሩፑ አናት ላይ ነበር። ስብሰባ ላይ ቆሜ ሲጨበጨብልኝ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ባላውቅም፣ ዓርብ ዕለት እስክሪብቶው አየር ላይ ሳለ ግን አውቅ ነበር።

ጋሼ የመጀመሪያ ሥራቸውን የላኩልኝ ከምሳ በፊት ነው። እኔ ሳላጸድቅ ሌላ መጀመር አይችሉምና፣ ከሁለት ጠረጴዛ ወዲያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። መስመር በመስመር አነበብኩት። ጨርሼ ደገምኩት፣ ከዚያ ሠለስኩት። አንዲት ትንሽ ስህተት ባገኝበት ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አንድም የለበትም። አጽድቄዋለሁ ጋሼ አልኳቸው፤ ፊታቸውን ማየት ስላልቻልኩ ወደ ስክሪኑ እያየሁ ነው ያልኩት። ወንበራቸው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ቀና ስል ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ቆመዋል፣ ለእኔ፣ ለታላቅ ሰው እንደሚነሡት።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉኝና ተቀመጡ።